ያላየውን ጣሪያ የሣለው ልጅ

ይድረስ ለምክር ዓምድ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የክወናና የእይታ ጥበባት መምህርት ነኝ። የማስተምረው ሰባተኛ ክፍል ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ከኅዳር ወዲህ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የማዋየው ሰው ስላጣሁ ነው የጻፍኩልዎ።

ተማሪዎቼን የሥዕል ሙዚየም ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። ርዕሰ መምህሩ «የሥዕል ሙዚየም ከሆነ ያለው አዲስ አበባ ነው» አለኝ። መንገዱም ወጪውም የሚሞከር አይደለም። እኔም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እያለልን ብዬ የመላእክት ፊት የተሣለበትን ጣሪያውን ላሳያቸው ተነሣሁ። ለባጃጅ፣ ለውሃና ለዳቦ ብለን በነፍስ ወከፍ 200 ብር አዋጣን። የክፍሉ አለቃ የከፈሉትን ስም እየመዘገበ ሰበሰበ። ከ58 ተማሪ 49ኙ ከፈሉ። ዘጠኙ ቀሩ። ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ የሌሎቹን አላጣራሁም።

ጉዞው እንዳሰብኩት አልሆነም። ሁሉም በአንዴ ገቡ። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስቃል። አንዲት ልጅ ግቢው ድረስ መጥታ «አልገባም» ብላ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ምክንያቷ ገብቶኛል፤ ወንዶቹ ግን እየጮኹ ይጠሯት ነበር። ውስጥ ደግሞ አንዱ ግድግዳውን በጣቱ ሊነካ ሲል ጠባቂው ተቆጣ። እኔም ደንግጬ «ቶሎ ቶሎ እንውጣ» አልኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየንም። ስንመለስ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። አንዷ «ሥዕል ለማየት ተብሎ የግማሽ ቀን ትምህርት ይባክናል?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። በሳምንቱ «ያያችሁትን ሣሉ» አልኳቸው። ከሄዱት ብዙዎቹ ባጃጅ ሣሉ። ከሁሉ የበለጠውን ያመጣው ግን ያልሄደ ልጅ ነው። በረድፍ የተደረደሩ፣ ክንፍ ያላቸው ፊቶች። ዓይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያያሉ። «አንተ አልነበርክም አይደል?» አልኩት። «ሆዴን አሞኝ ነው ቲቸር። ጓደኞቼ ነገሩኝ» አለኝ አቀርቅሮ። ኋላ እናቱን መንገድ ላይ አገኘኋት። እንጀራ እየሸጠች ነው የምታሳድገው። «ተሻለው ወይ?» ስላት «ከምኑ?» አለችኝ። ያኔ ገባኝ።

አሁን ርዕሰ መምህሩ በዚህ መንፈቅ ሌላ ጉዞ ፈቅዶልኛል። ፈራሁ። ልጁን ቅዳሜ ለብቻው ልውሰደው? እንዳላወቀ ሰው ልተወው? ጉዞውንስ እንደገና ልሞክረው ወይስ ባልደረቦቼ ልክ ናቸው?

የጎንደሯ መምህርት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ልቤ ልጁ ጋ ነበር። በሁለተኛው ግን ዓይኔ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ፤ ዘጠኝ። ስለ አንዱ ልጅ ብዙ ጻፍሽልኝ። ስለ ስምንቱ ግን ሁለት መስመር ብቻ። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። የእሱ ሥዕል እጅሽ ገባ፣ እናቱን አገኘሽ፤ የእሱ ነገር ቢያንገበግብሽ አይገርምም። ግን ዘጠኙንም ይዘን ብንነጋገር መላው ቶሎ የሚገኝ ይመስለኛል።

ከልጁ ልጀምር።

እናቱ «ከምኑ?» ያለችውን ደጋግሜ አሰብኩት። እንደታመመ አልሰማችም። ምናልባት ጉዞ መኖሩንም አልሰማችም። 200 ብሩን ጨርሶ አልጠየቃትም ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የቤቱን ጓዳ ያውቃል። ጤፍ ስንት እንደገባ ይሰማል። እናቱ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ምጣድ እንደምትጥድ ያያል። አስልቶ አስልቶ፣ ለእሷም ሳይነግር ራሱን አሳመመ። ይህን እንደ ውሸት አትቁጠሪበት። እናቱን ነው የሸፈነው።

ስለዚህ ያወቅሽውን አትንገሪው። ገመናውን ራሱ እስኪነግርሽ ድረስ አንቺም ሸፍኚለት። ቅዳሜ ለብቻው ልውሰደው ያልሽው ከደግ ልብ ነው፤ ግን አልመክርሽም። ክፍሉ «ለምን እሱ ብቻ?» ይላል። ልጁም እንዳወቅሽበት ይገባዋል። ከዚያ ወዲያ ጎበዝ ባልሽው ቁጥር አዝነሽለት ይመስለዋል። ለዚያ ልጅ ይህ ከመቅረቱ ይብሳል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሥዕሉን ሲሰጥሽ መጀመሪያ ያልሽው «አንተ አልነበርክም አይደል?» ነው። ሥዕሉ እንዴት እንደሆነ ነገርሽው? ከደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። በመደነቅ እንደጠየቅሽው አውቃለሁ። እሱ ግን የተያዘ ነው የመሰለው፤ ለዚህ ነው ያቀረቀረው። ገና አልረፈደም። ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊና «ዓይኖቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን እንዲያዩ ያደረግካቸው ለምንድን ነው?» በይው። ስለ ሆዱ አንዲት ቃል አታንሺ። ሠዓሊን እንደምትጠይቂ ጠይቂው። ጓደኞቹ ምን ብለው እንደነገሩት፣ የትኛውን ራሱ እንደጨመረ ይንገርሽ። መልሱን እኔም ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

ወደዚያ ቀን እንመለስ። ጉዞው የተበላሸው ልጆቹ ባለጌ ስለሆኑ አይደለም። አንቺም ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ልጁ በዛ፣ ሰዓቱ አነሰ፤ ይኸው ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ተወስጄ ነበር፤ ድንቅነሽን ልናይ። በሰልፍ አስገቡን፣ በሰልፍ አስወጡን። ከዚያ ቀን በዓይኔ ላይ የቀረው ከፊቴ የነበረችው ልጅ የሹራብ አንገት ነው። ክሩ ተተርትሮ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ድንቅነሽን አላስታውሳትም። ለዓመታት «ሙዚየም አልወድም» እል ነበር። አድጌ ለብቻዬ ስሄድ ነው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ፎቅ ላይ ሥዕሎች እንዳሉ ያወቅሁት። ከአንዱ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። የሚገፋኝ አልነበረም።

ባልደረባሽ «ትምህርት ይባክናል?» ላለችሽ የምትመልሽው ነገር ልስጥሽ። አሜሪካ ውስጥ፣ አርካንሳስ ግዛት፣ ቤንተንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 ክሪስታል ብሪጅስ የሚባል የሥዕል ሙዚየም ተከፈተ። ልጆች ይዘን እንምጣ ያሉት ትምህርት ቤቶች ሙዚየሙ ከሚችለው በላይ ሆኑ። ስለዚህ ዕጣ ወጣ። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን አጋጣሚ ተጠቀሙበት። ዕጣ የደረሳቸውንና ተራ የሚጠብቁትን፣ በጠቅላላው 11,000 ገደማ ተማሪዎችን አነጻጸሩ። የሄዱት ልጆች ከሳምንታት በኋላም ያዩትን በዝርዝር ያስታውሱ ነበር። አይተውት የማያውቁት ሥዕል ሲሰጣቸው ካልሄዱት ይልቅ አስተውለው ያያሉ፣ ምክንያት ይሰጣሉ። ለውጡ ይበልጥ የጎላው ደግሞ ከገጠርና ከድሃ ቤት በመጡት ልጆች ላይ ነው። ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። በዚያ አንድ ሰዓት የሚያዩት አምስት ሥዕል ገደማ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኔን ይበልጥ የነካኝ እሱ ነው። አውቶቡሱንም ምሳውንም የቻለው ሙዚየሙ ነው። ከዚያ ጉዞ በብር ምክንያት የቀረ ልጅ የለም።

ሙዚየሙ አዲስ አበባ ነው ያለሽ ርዕሰ መምህርም ክፉ ነገር አልተናገረም። ስድስት ኪሎ የሠዓሊውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራዎች የያዘው ማዕከል አለ። እዚያው አካባቢ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የቆዩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይዟል። አንድ ቀን ልጆችሽ ያዩታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ግን የጎንደር ልጅ ይህን ቢሰማ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ዳካር ጅቡቲ የተባለው የፈረንሳዮች የጥናት ጉዞ ጎንደር ደርሶ ነበር። ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሎቹን አንሥቶ ወሰደ። በምትካቸው አብሯቸው የነበረው ሠዓሊ የሠራው ቅጂ ተለጠፈ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የፓሪስ ተማሪ መምህሩን ተከትሎ ሄዶ ያያቸዋል። የደብረ ብርሃኑ ጣሪያ ግን እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ከተማውን ሲያቃጥሉ እንኳ ተርፎ እዚያው አለ። ንቦች ናቸው ያተረፉት ሲባል ከአያቶችሽ ሰምተሽው ይሆናል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ጣሪያ አንድ የጎንደር ልጅ በ200 ብር ምክንያት ሳያየው ሲቀር ያሳዝናል። አንቺን እንቅልፍ የነሳሽም ይኸው ይመስለኛል።

እንግዲህ ጉዞውን እንደገና ሞክሪው። ግን ከሌላ በር ግቢ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ 58ቱንም የምወስደው ፋሲል ግቢ ነው። እዚያ ሁሉም ይገባል። ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን የማትገባዋም። ደግሞ አንድ የታየኝ ነገር አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ ያለው የዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያ የለውም። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠራው ራሱ ኢያሱ ነው። የእሱ አዳራሽ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ያጌጠ ነበር ይባላል። የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በጣሊያን ዘመን መጨረሻ ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ ወደቀበት። አሁን ውስጡ ቆመሽ ቀና ስትዪ የሚታይሽ ሰማይ ነው።

ልጆቹን እዚያ አስቀምጪያቸው። ቀና ብለው ዝም ብለው ይዩ። ከዚያ «ይህ ቤት ጣሪያ ነበረው፤ ሣሉት» በያቸው። ማንም አላየውም። አንቺም አላየሽውም። ስለዚህ «ማን ሄዶ ነበር፣ ማን ቀርቶ ነበር» የሚባል ነገር እዚያ ቦታ የለውም። ያላየውን ጣሪያ መሣል ደግሞ ከመካከላቸው አንድ ልጅ አስቀድሞ ያውቅበታል።

የወጪውን ነገር ካሁኑ ቁረጪው። ትምህርት ቤትሽ እንደ አዘዞ ራቅ ያለ ቦታ ካልሆነ በቀር በእግር ሂዱ። በጠዋት ቢወጡ ልጆች መራመድ አይከብዳቸውም። ዳቦው ይቅር። «ሁሉም ከቤቱ ስንቅ ይያዝ» ማለትም አይበጅም፤ ያ ደግሞ ሌላ ገመና ይገልጣል። ሁለት ሦስት ወላጆችን አማክሪና አንድ ማዳበሪያ ቆሎ ተቆልቶ ይምጣ። ሁሉም ከዚያው ይዝገን። ለመግቢያው በርዕሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም ደብዳቤ አጽፈሽ ቀደም ብለሽ አስገቢ። ኃላፊው ባለበት ቀን በአካል ሄደሽ አነጋግሪ። ያ የስም መዝገብ ግን ከእንግዲህ አይኑር። የከፈለ ያልከፈለ እየተባለ በአለቃ እጅ የሚዞር ወረቀት ልጆችን ያሳምማል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴስ? እሱም አይቅር። ግን ለሚፈልጉና ቤተሰባቸው ለፈቀደላቸው ይሁን። ቅዳሴ በማይኖርበት ሰዓት በአሥራ አምስት በአሥራ አምስት እየተከፈሉ ይሂዱ። ቀድመሽ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ተነጋገሪ።

የሦስቱን ሙስሊም ልጆች ወላጆች ቤታቸው ሄደሽ አነጋግሪያቸው። የጎንደር ሰው ነሽ፤ ቡና ሳያጠጡሽ አይሸኙሽም። ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን እንዲገባ ለማግባባት አትሂጂ። ለፋሲል ግቢው ልትጋብዢና ምን እንደሚመቻቸው ልትጠይቂ ሂጂ። አርብ ቀን አትቅጠሪ። ሌላም አንድ ነገር ልበልሽ። ከደብረ ብርሃን ግድግዳ ላይ ስለ ነቢዩ ሙሐመድ የተሣለውን ታውቂዋለሽ። ለሙስሊም ልጅ ያ ሥዕል ያማል። አንዳቸው ከቤተሰብ ፈቃድ ጋር ልምጣ ካለ፣ ወላጆቹ ይህን አስቀድመው ከአንቺ ይስሙት። በጓደኞቹ መካከል ቆሞ ድንገት እንዲያየው አታድርጊ።

ዛፍ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ ከልቤ አልወጣችም። በዚያ ዕድሜ እንዲያ ተጠርቶ መቅረትን እኔም አንቺም እናውቀዋለን። አሁን መፍትሔው ቀላል ነው። ግቢው ውስጥ የሚሠራ ሥራ ይኑር። የቅጥሩ ክብ ማማዎች አሉ፣ በሩ አለ፣ ዛፎቹ አሉ። ከእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሦስት ልጆች ውጭውን ይሣሉ። ማን ውጭ እንደሚሠራ የሚመርጡት ራሳቸው ይሁኑ፤ «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅ። ሴቶቹን ቀደም ብለሽ ለብቻቸው ሰብስበሽ ይህን ብትነግሪያቸው አንዷም በሰው ፊት አታፍርም። እሷን ደግሞ አንድ ቀን ጠጋ ብለሽ «ያኔ ልጠብቅሽ ይገባኝ ነበር» ብትያት ይቀላታል ብዬ አስባለሁ።

ጠባቂው የተቆጣበትን ነገር ክፍል ውስጥ ጨርሰሽው ሂጂ። አንድ ነጭ ወረቀት ለሁለት ቅደጂ። ግማሹን ደብተር ውስጥ ደብቂው። ግማሹን በር አጠገብ ለጥፊና ሁሉም ሲገባ ሲወጣ በጣቱ ይንካው። በሳምንቱ ጎን ለጎን አድርገሽ አሳዪያቸው። የጣት ላብና ወዝ ምን እንደሚሠራ በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ የደብረ ብርሃን ግድግዳ ሥዕሎች ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ መሆናቸውን ንገሪያቸው። ከዚህ በኋላ «አትንኩ» እያልሽ መጮህ አያስፈልግሽም።

ውስጥ ስትገቡ ሁሉንም ላሳያቸው አትበይ። ጣሪያውን፣ ከመቅደሱ በላይ ያሉትን ሥላሴን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን፤ ይበቃል። ለልጆች ሙዚየም የሚያስጎበኙ ሰዎች የሚጠይቋቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። እዚህ ሥዕል ላይ ምን እየሆነ ነው? ምን አይተህ ነው እንደዚያ ያልከው? ሌላስ ምን ይታያል? ከጠየቅሽ በኋላ ጠብቂ። ዝምታው ይከብድሻል። መምህር ስንሆን ዝም ሲባል መልሱን ራሳችን እንሰጣለን። አንቺ ግን በልብሽ እስከ ሃያ ቁጠሪ። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የቆመው፣ እጁን አውጥቶ የማያውቀው ልጅ ነው ያኔ የሚናገረው።

ልጁ በየትኛው ቡድን ይሁን አትበይ፤ ከጓደኞቹ ጋር ይምጣ። የሣለውን ወረቀት ግን አንቺ ይዘሽለት ሂጂ፤ ሌሎቹ ሳያዩ እጁ ላይ አኑሪለት። ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ ዝቅ ብሎ ወረቀቱን ያያል። እነዚያ ዓይኖች ወደ አንድ ጎን ይሁን ወደ ሁሉም ጎን እንደሚያዩ ራሱ ይድረስበት። ያኔ አጠገቡ ቁሚ፣ ምንም አትበይው። የሚልሽን ጻፊልኝ።